የማይነበበው ምልክት፦ ከደረስጌ ብራና እስከ ኤችቲኤምኤል ልምምድ

የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «የታሪክ መምህርን ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለመስጠት ግን በመጀመሪያ ስለ ጠፋብኝ አንድ ጽሑፍ መናገር ይኖርብኛል።

በ1990 ዓ.ም. ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ወጣት ሳለሁ ወደ ደረስጌ ሄጄ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከደባርቅ ተነሥቶ በሰንቃበርና በጨነቅ አልፎ፣ የቧሂትን በር ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። የሄድሁት የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስን ንግሥ በተመለከተ በአገሩ ሰው አፍ የቀረውን ቃል ለመሰብሰብ ነበር። ደረስጌ ማርያም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ውቤን ድል የነሡት ደጃዝማች ካሣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት መሆኗን በዚህ አዳራሽ መናገር ለቀባሪ አረዱት ይሆንብኛል።

በዕድሜ የገፉ አንድ መሪጌታ ሦስት ቀን ሙሉ በትዕግሥት ነገሩኝ። የሚነግሩኝ ከአያታቸው የሰሙትን ነበር፤ በዚያ ቀን ማን ከማን ጎን እንደ ቆመ፣ ጥላ የያዘው ማን እንደ ነበረ፣ የማን ልጅ የማንን በቅሎ እንደ ሳበ። የታላላቆቹን ስም መጻሕፍት ጽፈውታል። መሪጌታው የነገሩኝ መጻሕፍት ያላነሧቸውን፣ የበቅሎ ሳቢውንና የእንጨት ተሸካሚውን ስም ነበር። ሁለት ደብተር ሞላሁ። ወደ ጎንደር ስመለስ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ በ40 ገጽ ተየብሁት። በፍሎፒ ዲስኩ ላይ ቦታ እንዲቆጥብልኝ ብዬ ጌጡን ሁሉ አራግፌ፣ እርቃኑን ጽሑፍ ብቻ አስቀመጥሁ። ይህን የመከረኝ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ከዓመታት በኋላ ጣራ አፍስሶ ደብተሮቹ በሰበሱ። መሪጌታውም ዐረፉ። እኔ ግን ዲስኩ አለ ብዬ ተማምኜ ተቀመጥሁ።

በ2003 ዓ.ም. ፋይሉን ስከፍተው በ40ው ገጽ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል አልነበረም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የመቶኛ ምልክት፣ ነጥብ የተጫነበት የፈረንጅ ፊደል፣ እንደ ፈሰሰ ጥሬ ተበትኖ ነበር። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ተመልክቶ ፋይሉ እንዳልተበላሸ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ እንዳልጎደለችው አረጋገጠልኝ። የጎደለው ልብሱ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ አማርኛ በኮምፒውተር ውስጥ ከልብሱ በቀር አካል አልነበረውም። ይህ አነጋገር እንዲገባችሁ ጽሑፍን በምልክት ማልበስ በአገራችን እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ከብራናው ልጀምር።

ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ ካለሰለሰ በኋላ ወዲያው አይጽፍም። ዳርና ዳሩን በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በደነዘ ጫፍ ያለ ቀለም ያሰምራል። ያ መስመር እስከ ዛሬ በብራናው ላይ ይታያል፤ ነገር ግን ማንም አያነበውም። ከዚያ ለጥቁሩ አንድ፣ ለቀዩ አንድ ብዕር ያሰናዳል። መጽሐፉ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በቀይ፣ ወይም ቀይና ጥቁር እየተፈራረቁ ይጻፋሉ። የእመቤታችን ስም፣ በገድልና በተአምር መጻሕፍት የቅዱሱ ስም፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ ይመጣል። በውዳሴ ማርያም የዕለቱ ስም፣ በ118ኛው መዝሙር አሌፍ፣ ቤት እየተባሉ የሚጠሩት የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች እንዲሁ በቀይ ናቸው። የአኃዙን ሰረዝና የዐራት ነጥቡን ዙሪያ እንኳ ቀይ ይነካቸዋል። የአስጻፊው ስም ቦታ አንዳንድ ጊዜ ክፍቱን ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም የቀደመው ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ይጻፍበታል። በብራና መጻሕፍት የሠራችሁ ታውቃላችሁ፤ የተፋቀ ቦታ ስትፈልጉ ዓይናችሁን አስቀድማችሁ የምትጥሉት በቀዩ ላይ ነው።

መዝሙረ ዳዊት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ አንድ ስንኝ አንድ መስመር ነው። ስንኙ ከመስመሩ ሲረዝም ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ወደ ታች አዲስ መስመር አይከፍትለትም። የተረፈውን ቃል ከመስመሩ መጨረሻ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያስጠጋዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ድጓው ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ከቃሉ በላይ ትንንሽ ፊደላት፣ ነጥቦችና ቅርጾች ይደረደራሉ። ፊደሎቹ እንደ ማንኛውም ፊደል ፊደል ናቸው፤ ነገር ግን ከቃሉ ጋር አይነበቡም። የታችኛው ምን እንደሚባል ይናገራል፤ የላይኛው እንዴት እንደሚባል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ አንዱ ለአፍ፣ ሌላው ለአፍ ገዥ። መምህራኑ ለላይኛው ያወጡለት ስም «ምልክት» የሚል ነው። ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ቃል ለዛሬው ርእሳችን አላገኘሁም።

ኤችቲኤምኤል ይኸው ነው። በሁለት የሾሉ ቅንፎች መካከል አንዲት ፊደል ወይም አጭር ቃል ይጻፋል፤ ይህን ታግ እንለዋለን። ብራውዘሩ ታጉን ለአንባቢ አያሳይም፤ ይታዘዘዋል እንጂ። ቢ የምትል ፊደል በቅንፍ ስትመጣ ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ቃል ይደምቃል፤ ያው ፊደል ዝባዝ ሰረዝ ቀድሟት ስትመጣ ድምቀቱ ይቆማል። ቀይ ብዕር ማንሣትና ማስቀመጥ ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪዎቻችን አንድ ልምምድ ጀመርን። ፎቶ የተነሣ አንድ የብራና ገጽ ይሰጣቸዋል፤ ያለ ምንም ጌጥ በሚጽፍ ተራ ፕሮግራም ይተይቡታል፤ ከዚያም ታግ ያለብሱታል። መምህሩ እኔ ነኝ፤ የማውቀው ግን ከ20 ዓመት በፊት የተማርሁትን ነበር፤ አብዛኛው ጊዜው አልፎበታል። ገጹን ከየት እናምጣ የሚለው ራሱ የሚያሳዝን ጥያቄ ሆነብን። ደረስጌ ማርያም ሥዕላዊ የራእየ ዮሐንስ መጽሐፍ አላት፤ ዶሮቴያ ማክዩዋን የምትባል የታሪክ ተመራማሪ ለንደን ካለው ወንድሙ ጋር አስተያይታ ጽፋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ከ1868 እ.ኤ.አ. ዘመቻ በኋላ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። ከደባርቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቧሂትን ከመሻገር የለንደኑን ገጽ መክፈት ይቀልል ነበር። ነበር የምለው በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ የኮምፒውተር ጥቃት ደርሶ እነዚያ ገጾች ለረጅም ጊዜ ስለ ተዘጉ ነው። እኛም ቀድመን ወደ ራሳችን ባወረድናቸው ጥቂት ሥዕሎች ሠራን።

በመጀመሪያው ቀን የሆነውን ላጫውታችሁ። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ መዝጊያውን ታግ ረሱት፤ ገጹም ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ ደማቅ ሆነ። ሌሎቹ አዲስ መስመር ለመክፈት ቁልፉን አሥር ጊዜ ተጫኑ፤ ብራውዘሩ ግን ባዶ ቦታን ሁሉ እንደ አንድ ስለሚቆጥር ሁሉንም በአንድ መስመር ደረደረባቸው። መዝሙረ ዳዊት የደረሰው ልጅ «መምህር፣ ስንኙ ተደፋብኝ!» ብሎ ጠራኝ። በየስንኙ መጨረሻ ቢ አር የሚባለውን ታግ ማስገባት ነበረበት። በአንድ ጊዜ የገባው ግን ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ዜማ ቤት የቆየ ተማሪ ነው። «የማይነበብ ጽሑፍ» የሚለውን ሐሳብ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

ችግሩ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ተማሪዎቹ ቀይ ያዩበትን ሁሉ በቀይ ቀለም ጻፉት፤ መልኩም ከብራናው ጋር አንድ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ። ቆይቼ ግን «ይህ ቃል ለምን ቀይ ሆነ?» ብዬ ጠየቅሁ። ርእስ ስለሆነ? የእመቤታችን ስም ስለሆነ? የአስጻፊው ስም ስለሆነ? ቀዩ አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሦስት ነው። ለኤችቲኤምኤል ሦስቱ አንድ አይደሉም። ርእስ የራሱ ታግ አለው፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ደረጃ። አጽንዖት የሚሰጠው ስትሮንግ ሌላ ነው፤ ዓይንን ብቻ የሚጠራው ቢ ሌላ። ታጉን ለመጻፍ ተማሪው መፍረድ አለበት፤ ለመፍረድም ገጹን ማንበብ ይኖርበታል። በአሥራ አምስት ዓመት የማስተማር ሥራዬ የብራና ገጽን እንዲህ በጥንቃቄ የሚያስነብብ ሌላ የቤት ሥራ ሰጥቼ አላውቅም።

የቋንቋውም ታሪክ ይህን ይመስላል። ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሰፈረው የታጎች ዝርዝር እጅግ አጭር ነበር። ርእስ፣ አንቀጽና ዝርዝር ነበሩበት፤ ደማቅና ዘንባላ የሚያደርጉት ቢ እና አይ ግን አልነበሩበትም። እነርሱ በ1993 እ.ኤ.አ. ረቂቅ ላይ መጡ። የመጀመሪያው ሐሳብ ጽሑፉ ምን እንደሆነ መናገር ነበር፤ ምን እንደሚመስል መናገር ኋላ የተጨመረ ነው።

ስለ አይ አንድ ነገር ልበል። ዘንባላው፣ ኢታሊክ የምንለው፣ በጣሊያን ራሱን የቻለ የእጅ ጽሕፈት ነበር፤ አልዱስ ማኑቲዩስ በ1501 እ.ኤ.አ. በቬኒስ መጽሐፍ አትሞበታል። ቁም ጸሐፊዎቻችን ግን እንዲህ ያለ እጅ አላወጡም፤ ስሙም እንኳ ቁም ጽሕፈት ነው። ስለዚህ ታጉን በአማርኛ ላይ ስናደርገው ኮምፒውተሩ ቋሚውን ፊደል ገፍቶ ያጋድመዋል። እኔ አልወደውም፤ ተማሪዎቼ ግን ይወዱታል። ከሥር ማስመርም ከኢንጂነር አያና ብሩ ወዲህ ከመጣችው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ዘመን የወረስነው ልማድ ነው፤ መኪናዋ ማድመቅ ስለማትችል «ጉዳዩ፦» የሚለውን ሁሉ አሰመርንበት። በብራውዘር ላይ የተሰመረበት ቃል ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ በር ይመስላል። ጀማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ይህን ይሳሳታል።

አሁን ወደ ልብሱ ልመለስ። በ1973 እ.ኤ.አ.፣ በአብዮቱ ዋዜማ፣ የኢትዮጵያ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ታላቅ ሥራ ተጀመረ፤ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ፤ ቅጂያቸውም በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመናቸውን ካታሎጉን በማዘጋጀት አሳልፈዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀዩ ፈዝዞ ግራጫ ይሆናል፤ አንዳንድ ቦታ ለማየት ያስቸግራል። ሆኖም ቃሉ እዚያው አለ። ማርያም የሚለው ስም ቀይነቱን ቢያጣ ማርያም መሆኑን አያጣም።

የእኔ ፋይል ግን እንዲህ አልነበረም። ፊደላችን 33 እናት ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ይጨመራሉ። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው፤ ከእርሱም ብዙው አስቀድሞ የተያዘ ነው። ባለሙያዎቻችን በብልሃት ተወጡት፤ ውለታቸውን አልክድም። አንዳንዶቹ ፊደሉን ከግንድና ከቅጥያ ገጣጠሙት፤ አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ከፈሉት። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፣ በላቲን ፊደል ጽፎ ወደ ፊደላችን የሚመልስ ሥርዓት አዘጋጁ። ሆኖም ፎንት ሠሪው ሁሉ ፊደሉን በየራሱ ቦታ አስቀመጠው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ያን የላቲን ፊደል «ሀ» እያስመሰለ ያሳየዋል። በድረ ገጽ ላይ ይህን የሚያደርገው ፎንት የሚባለው ታግ ነበር። በጃንዋሪ 1997 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤችቲኤምኤል 3.2 ደንብ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በወጣው 4.0 ደግሞ እንዳይበረታታ ተወሰነ። ለላቲን ጸሐፊ የጌጥ ነገር ነው፤ ቢወልቅ ጽሑፉ ይነበባል። ለአማርኛው ግን ጌጡ ሲወልቅ አማርኛው አብሮ ይወልቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር እስኪሰጥ ድረስ የተጻፈው ብዙ ነገር በዚህ አደጋ ላይ ነበር፤ ልማዱም ከዚያ በኋላ ወዲያው አልተወም።

የእኔው ፎንት ለሁለት የተከፈለ ዓይነት ነበር። «ሰ» በመጀመሪያው ፎንት በተቀመጠበት ቦታ በሁለተኛው ፎንት «ጸ» ተቀምጧል፤ «ቸ» ባለበት «ጨ»። እርቃኑን ጽሑፍ ሳስቀምጥ የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደ መጣ የሚናገረውን ጣልሁት። በተራ ቃል ላይ ይህ አያስቸግርም፤ «ጨለማ» የሚለውን «ቸለማ» ብሎ የሚያነብ የለም። በሰው ስም ላይ ግን ዐውድ አይረዳም። በአገራችን ቻኔም የሰው ስም ነው፤ ጫኔም የሰው ስም ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የድሮ ዲስኮቼን ስትፈትሽ ያልጠበቅሁትን ነገር አገኘች። በ1993 ዓ.ም.፣ ደብተሮቹ ሳይበሰብሱ፣ የሁለት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ ነበር። ለልምምድ የሚሆን ጽሑፍ አምጡ ሲሉን የመሪጌታውን ቃል የመጀመሪያ ሦስት ገጽ ከደብተሬ ገለበጥሁ። ፎንቱ በተለወጠ ቁጥር፣ ለአንዲት «ጨ» እንኳ፣ ታግ ከፍቼ ታግ ዘግቼ ነበር። አሠልጣኙ «ይህን ያህል ምን ያደክምሃል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። የመሪጌታውን የራሳቸውን ቃልም ከእኔ ማብራሪያ ለመለየት በቢ አድምቄው ነበር። ተማሪዋ የፎንቱን ስም ከታጉ ውስጥ አነበበች፤ የሁለቱን ፎንቶች የፊደል ሠንጠረዥ አዘጋጅታ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ዩኒኮድ መለሰችው። ሦስቱ ገጾች አንዲት ፊደል ሳትጎድል ተነበቡ። የደመቀውን ሳነብ የመሪጌታው ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ ከዚህ በላይ ስለ እርሱ አልናገርም።

በቀረው ሥራ አሁን ሁለታችንም ጀማሪዎች ነን። ከእርቃኑ ጽሑፍ 37 ገጽ ያህል ይቀራል። ተማሪዋ በየቀኑ ግማሽ ገጽ ትሠራለች፤ ተራውን ቃል በዐውዱ ትፈታዋለች፤ ሁለት ንባብ ያለውን ስም ግን አትመርጥለትም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፋ ያልተረጋገጠ መሆኑን የሚናገር ታግ ታለብሰዋለች። እስከ ትናንት ማታ ድረስ እንዲህ ያሉ 61 ስሞች ነበሩን። አንዱ በንግሡ ዕለት በቅሎ ስቦ መጣ የተባለው ልጅ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ወይ «ሰ» ነው ወይ «ጸ»፤ አባቱ ከመካነ ብርሃን በታች ካለ ቀበሌ እንደ ነበር መሪጌታው ነግረውኛል። ከጃናሞራ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ በአያቶቻችሁ የዘር ቈጠራ ውስጥ በቅሎ ሳቢ የሚባል ሰው ካለ፣ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በሩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ። ዝርዝሩን በትልቅ ፊደል አትሜ ይዤዋለሁ።